ሐጂ ሽመላ ቤቴ ሲያርፉ

ወፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ሥራ የሚጠላ ሰው ነው። ይህን ስል ቅር እንዳይልህ፣ በየሳምንቱ የምትታገሰኝ አንባቢዬ፤ እኔ ራሴ ከወፍ ወዳጆች አንዱ ስለሆንኩ የምናገረው ከውስጥ አውቄ ነው። ሰውየውን ሣር እንዲያጭድ፣ አጥር እንዲያጥር፣ በቅሎ እንዲጭን ጥራው፤ ወገቤን ይልሃል። "ያቺ እላይ የምትዞረው ምን ወፍ ናት?" በለው፤ አንገቱን እንደ ግመል ሰቅሎ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይቆምልሃል። አንገትና ወገብ በአንድ ገላ ላይ እየኖሩ እንዲህ መለያየታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በሩቅ አገር፣ በትልልቅ ከተሞች፣ ሰው የሚንሸራሸርበትና አበባ የሚያሸትበት መናፈሻ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ አሶሳ መናፈሻ የለንም፤ ገበያው ዳር ዋርካ አለን። ዋርካው ግን መናፈሻ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ያናፍሳል፣ ያስተኛል፣ ያሳማል። ጥላው ሥር ከጠዋት የተቀመጠ ሰው ማታ ሲነሣ ስለ አገሩ የማያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ገዛ ቤቱ ግን ምንም አያውቅም። እኔን ያገኘኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። የወንበራ ሰው ነኝ። አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኜ፣ ዓባይን ተሻግሬ አሶሳ የመጣሁት ለአንድ ገበያ ብቻ ነበር። ገበያው ጥሩ ሆነና ቀረሁ፤ ቤት ሠራሁ፤ ባለቤቴን የሻረግን አመጣሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ "እንግዳው" ማለቱን አልተወም። ደስ ሲላቸው "አቡ ሚልሕ" ይሉኛል፤ የጨው አባት ማለታቸው ነው። አይከፋም፣ ስም ነው። ግን የጨው አባት መሆንና የሰፈር ሰው መሆን ለየቅል ናቸው፤ እኔም የልቤን ብነግርህ ሁለተኛው አምሮኝ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ ሳይጥል የሻረግን ይዤ ወንበራ እመለስና እዚያ እከርም ስለነበር፣ ሽመላ ሲመጣ አሶሳ ስገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ የክረምቱ ጨው ሁሉ ቤቴ ቆጥ ላይ ተደርድሮ ነበር። ጨው ነግደህ የማታውቅ ከሆነ ላስረዳህ። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ከወዲያ ማዶ አንድ አሞሌ አይመጣም፤ ያኔ ጨው ያለው ሰው ጌታ ነው። ጨዉ ደረቅ ከሆነ ነው ታዲያ። እርጥበት የነካው አሞሌ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ መሬትህን አጣፍጦልህ ይሄዳል። የዓመት ኑሯችን እንዳለ እዚያ ቆጥ ላይ ነበር። ከቆጡ በላይ ያለው የሣር ክዳን ደግሞ ከማርጀቱ የተነሣ በጀርባዬ ተኝቼ ደመናውን አንድ በአንድ እሰናበተው ነበር።

"አንተ ሰው፣ ዝናቡ ሳይጥል ይኼን ክዳን አትለውጥም?" ትላለች የሻረግ።

"እለውጣለሁ።"

"መቼ?"

"ሣሩ ይድረቅ።"

"ሣሩ ከደረቀ ሰነበተ። የበቅሎዎቹ መኝታ ሆኗል።"

"እንግዲያው በቅሎዎቹ እስኪነሡ ልጠብቅ።"

ይህን ብዬ ወደ ዋርካው እሄዳለሁ። አትፍረድብኝ። ግንቦት ላይ ዋርካው ሥር የሚደረገውን ብታይ አንተም ቤትህን ትረሳ ነበር።

ወሩ ሽመላ የሚመጣበት ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ፊቱ ሰማያዊ የተቀባ የሚመስል፣ እግረ ረጅም ወፍ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ቀይ። ጉልበቱ የቀላው ከስግደት ብዛት ነው ይላሉ፤ ስለዚህ በሰፈሩ ስሙ "ሐጂ" ነው። ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ዝናቡን ከኋላው አስከትሎ ይመጣል። የሚበዛው ከከተማው ውጭ ዛፍ ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ግን ሰው ይወዳል፤ ጎጆ ይመርጥና ጉልላቱ ላይ ጭራሮ ደርድሮ ይፈለፍላል፤ ክረምቱ ሲያልቅ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። እኔ በአክብሮት ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ሐጂን አንቱ ነው የምላቸው። የሻረግ ይህን የሰማች ቀን "ለወፍ አንቱ፣ ለእኔ አንቺ" ብላ እስከ ማታ አኮረፈችኝ።

እነዚህ እንግዶች ሰማዩን ሲሞሉት የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ሁሉም የሚያየው ወደ ላይ ነው። እያወሩ ወደ ላይ፣ እየተጨቃጨቁ ወደ ላይ፣ ትምባሆ እያኘኩ ወደ ላይ... ትምባሆውን የሚተፋው ሰው ብቻ፣ ለጎረቤቱ ሲል፣ ለአፍታ ወደ ታች ያያል። መሐል የሚቀመጡት አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ ሼህ ኢድሪስ ናቸው። ጢማቸው አርጅቷል፤ ዓይናቸው ግን የጢማቸው የልጅ ልጅ ነው። ሽመላ ገና ነጥብ ሳለ ያዩታል።

"አየህ አቡ ሚልሕ? ሐጂ መጣ።"

"የት ሼህ?"

"እዚያ። ከደመናው በታች። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው።"

እኔ የማየው ደመናውን ነው። ግን "አየሁ፣ እንዴት ያምራሉ" እላለሁ። ዋርካ ሥር "አላየሁም" ብሎ የተከበረ ሰው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ሽመላ ዝቅ ብሎ የአንዱን ሰው ቤት መዞር ሲጀምር ባለቤቱ ብድግ ይላል። "መቁጠሪያዬን ረሳሁ" ይላል አንዱ። "ፍየሉ ገመድ ሳይበጥስ አልቀረም" ይላል ሌላው። ትምባሆ ሻጩ ሙሳማ፣ አንድ እግሩን የሚያነክሰው ሙሳ፣ ሽመላ ቤቱን ሲዞርበት ምርኩዙን ጥሎ ነው የሮጠው። ሲሮጥ የትኛው እግሩ እንደሚያነክስ መለየት አቅቶኝ ነበር። ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል ሰውየው ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ሣር ይነካካል። ሽመላው ደግሞ አንድ ሁለቴ ዞሮ መንገዱን ይቀጥላል። ሰውየው ወደ ዋርካው ተመልሶ ይቀመጥና ከሆዱ ድረስ በረጅሙ ይተነፍሳል።

እኔ ሞኙ ምን አልኩ? ወይ ፍቅር፣ አልኩ። እንግዳውን ቆመው ሊቀበሉ የሚሮጡ፣ እንግዳው ሲያልፋቸው በሐዘን የሚተነፍሱ መሰለኝ። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

"ሼህ፣ ሐጂ ቤቱ ያረፉበት ሰው ምን ያገኛል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

ሼህ ኢድሪስ ዓይናቸውን ከሰማይ አውርደው እኔ ላይ አሳረፉት። ከውስጡ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ያኔ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር።

"በረካ" አሉ። "ትልቅ በረካ። ያለፈው ክረምት የኔ ቤት ነበረ። ከዚያ በፊት የኔ ቤት። ከዚያ በፊትም የኔ ቤት።"

"እንዴት ያለ መታደል ነው!"

"አዎ" አሉ፣ ወደ ጣሪያቸው እየተመለከቱ። "ግን በረካ ለብቻ መብላት ጥሩ አይደለም። ሰው ለጎረቤት ማሰብ አለበት።"

ሙሳን ሳል ያዘው።

"ሌላ ደግሞ" አሉ ሼህ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሐጂ ቤቱ ከገባ ሰው እንግዳ አይባልም። የሰፈር ሰው ነው። አለቀ።"

እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት። ሙሳ ሳሉ ስለበረታበት ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ይህን ትምባሆ ቢተው ይሻለው ነበር ብዬ አሰብኩለት።

ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ሆኜ ነው።

"የሻረግ፣ ክዳኑ አይነካም።"

"ምን?"

"ሐጂ አሮጌ ክዳን ነው የሚወዱት።"

"የትኛው ሐጂ?"

"ሽመላው ናቸዋ።"

ዝም ብላ አየችኝ። የሻረግ ስትናገር አትፍራት፤ ዝም ስትል ግን በሩ የት እንዳለ አስብ።

"ጨዉስ?" አለች ቆይታ።

"አንዴ ይረፉ እንጂ በማግስቱ እከድናለሁ። እኔና ሐጂ አንተጣጣም።"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ብነግርህ አታምነኝም፤ ብቻ ልንገርህ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ጉልላቱን እንደ መደብ ደለደልኩት። መሐሉ ላይ የቀርከሃ ቅርጫት አሰርኩ፤ ሐጂ ከመንገድ ሲመጡ ጎናቸውን እንዳይቆረቁራቸው በጭድ ጎዘጎዝኩት። ሽመላ ፌንጣ ይወዳል ሲሉ ስለሰማሁ ደግሞ በዚህ ሽበቴ ነጠላዬን ዘርግቼ ሜዳ ለሜዳ ፌንጣ ማሳደድ ያዝኩ። ፌንጣ በቀጥታ የሚዘል መስሎህ ከሆነ ሞክረው። እኔ ወደ ቀኝ ስወድቅ እሱ ወደ ግራ፤ እኔ ስነሣ እሱ ጀርባዬ ላይ። ከቶንጎ የሚመጡ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን አቁመው ተመለከቱኝ።

"ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው?" ብለው የሻረግን ጠየቋት።

"እኔ ምን አውቄ? ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ" አለችና ወደ ቤት ገባች።

ሐጂ ግን ልፋቴን ዓይተውልኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ዋርካው ሥር ሆነን፣ አንድ ጥንድ ሽመላ ከመንጋው ተለየ። ወረደ። የሼህ ኢድሪስን ቤት ዞረ፤ ሼህ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ አጥሩን ተሻገረና የኔን ቤት ዞረ። እንደ ሰዎቹ ወግ ብድግ ብዬ ልሮጥ ስል ሼህ ኢድሪስ ጉልበቴን ይዘው አስቀመጡኝ። የዚያ ሽማግሌ እጅ ጉጠት ነው።

"ተቀመጥ። አትሂድ። ከሄድክ ያፍራል።"

"እናንተ ስትሄዱ አልነበር?"

"እኛ ሌላ ነው። ሐጂ እኛን ያውቀናል።"

ሙሳ በበኩሉ፣ ያለዋጋ ለገዛ አባቱ የማይሰጠው ሙሳ፣ ከትምባሆው ቆንጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ትምባሆ አላኝክም። ያን ቀን ግን አኘክሁ። እያኘክሁም ሐጂ ቅርጫቱ ላይ ሲያርፉ፣ ሚስታቸው ጭራሮ ይዘው መጥተው ሲያስቀምጡ አየሁ። ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሳንባ "አልሐምዱሊላህ" አለ። አቤት የዚያ ምስጋና ጥልቀት! ከሞት የተረፈ ሰው እንኳ እንዲህ አያመሰግንም።

አቀፉኝ። ከበው እያጨበጨቡ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። እኔም በደስታ ብዛት፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ "ነገ ደግሞ ይህን ጣሪያ ከድኜ ሐጂን በአዲስ ሣር አከብራቸዋለሁ" አልኩ።

ጭብጨባው ቆመ።

"ምን ትከድናለህ?" አሉ ሼህ ኢድሪስ።

"ጣሪያዬን ነዋ።"

"ሐጂ ጭራሮ ካስቀመጠ ጣሪያ አይነካም። ሰው አይወጣም። ሣር አይነቀልም። አንድም። ልጁ ወጥቶ፣ አድጎ፣ በሮ እስኪሄድ።"

"መቼ ነው በሮ የሚሄደው?"

"ክረምት ሲያልቅ።"

"ዝናቡስ?"

"ዝናብማ ይዘንባል" አሉ፣ እንደማዘን ብለው። "ሐጂ የመጣው ለሱ አይደለም እንዴ?"

የነካው ሰው ምን ይሆናል ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ እኔ ጠይቄያለሁ። ሐጂን የረበሸ ሰው ዝናብ አስቆረጠ ይባላል። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ የደረቀ ማሽላ፣ የነጠፈች ላም፣ የጨነገፈ ነገር ሁሉ በሱ ስም ይጠራል። ሰላም የሚለው ሰው አይኖርም፤ ጨውማ ማን ይገዛዋል? እንግዲህ አንድ ሽመላ ከላይ፣ አንድ ክረምት ጨው ከታች፣ እኔ መሐል ቀረሁ።

ዝናቡም ብዙ አላስጠበቀኝም። ሰማዩ እስከ ታች ተቀደደ። የኔ ጣሪያ ዝናቡን አላስቆመውም፤ እንዲያውም አጥልሎ፣ ከጥላሸት ጋር አዋሕዶ፣ ቡና መሰል አድርጎ አወረደው። የሻረግ ቁርበት ዘረጋች፤ እኔ ቅል ደቀንኩ፤ ቅሉ ሲሞላ ድስት፣ ድስቱ ሲሞላ ገበቴ። አንዱን ቀዳዳ ስንይዝ ሌላው ይከፈታል። ቆጡ ላይ ከዳር ያሉት አሞሌዎች ማልቀስ ጀመሩ። አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ አልቦታል።

ዝናቡ ጋብ እንዳለ እየሮጥኩ ወደ ሙሳ ቤት ሄድኩ። ቁርበት እንዲያውሰኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ፤ በዚያው ቀረሁ። የሙሳ ጣሪያ አዲስ ሣር ነው። ጉልላቱ እንደ ጦር ሹል ነው፤ ጫፉ ላይ እሾህ ታስሯል። ዘወር ብዬ የሚቀጥለውን አየሁ፤ አዲስ ሣር፣ ሹል ጉልላት፣ እሾህ። የሼህ ኢድሪስን አየሁ። የሳቸው እሾህ እንኳን ሽመላ ዝንብም አያስቀምጥም። ወር ሙሉ ሰማይ ስመለከት ኖሬ ከሰማይ በታች ያለውን ጣሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ሙሳ" አልኩት፣ "እናንተ ዋርካው ሥር ስታዩ የከረማችሁት ምንድነው?"

ሙሳ መሬት መሬት አየ። ሊስቅ ፈልጎ፣ ደግሞ አሳዘንኩትና ከሁለቱ መሐል አንድ ፊት አበጀ።

"ሐጂ እናያለን።"

"ለምን?"

"እንዳይመጣ" አለ። "አቡ ሚልሕ፣ ሐጂ ከተቀመጠ ማባረር ሐራም ነው። ከመቀመጡ በፊት ግን... ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ቢጠግን ማን ምን ይለዋል? እኛም እንጠግናለን።"

"ሼህ ኢድሪስስ? ያ ሁሉ በረካ?"

"በረካማ አለው። ግን ሼህ በየክረምቱ ረጠበ። ጉልበቱን አመመው። አሁን በረካውን የሚረከበው ወንድም ፈለገ።"

ቤቴ ተመልሼ ለየሻረግ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ቀብሬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ነጠላዋን አደገደገች፤ ከቆጡ ላይ የቻለችውን ያህል አሞሌ አውርዳ አቀፈችና "ተሸከም፣ ተከተለኝ" አለችኝ። የሄድነው ወደ ሼህ ኢድሪስ ቤት ነው።

"ሼህ፣ እንደምን ዋሉ? እንግዳ ይዤ መጣሁ" አለቻቸው በራቸው ላይ ቆማ።

"ማነው እንግዳ?"

"አሞሌ።"

ሼህ ኢድሪስ እኔን አዩኝ። እኔ እሾሃቸውን አየሁ።

"የርስዎ እንግዳ የኛ ጣሪያ ላይ ናቸው" አለች የሻረግ። "በየዓመቱ የርስዎ ደንበኛ ነበሩ፤ ዘንድሮ እኛ ተቀበልንልዎ። የኛ እንግዳ ደግሞ ርስዎ ጣሪያ ሥር ይክረም። እንግዳ በእንግዳ ነው።"

"ሐጂ በራሱ መጣ" አሉ ሼህ። "እኔ አልላክሁም።"

"ባለቤቴን ጉልበቱን ይዞ ያስቀመጠውስ ማነው?"

ከጓዳ የሼህ ሚስት ሐዋ ሳቃቸው ተሰማ። "ኢድሪስ፣ አስገባ። እኔ ነግሬህ ነበረ፤ ይሄ ሰውዬ ምስኪን ነው፣ ተው ብዬ።"

ሼህ ኢድሪስ ጢማቸውን ጨበጡ። ከዚያ ከበሩ ዘወር አሉ። "ወላሂ፣ ይሄ ሴት ዳኛ ነው" አሉኝ ባጠገባቸው ሳልፍ።

ጨዉ ገባ። ከቤታችን እስከ ቤታቸው ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ እጅ በእጅ አቀበለው፤ ሙሳም ምርኩዙን ጥሎ ተሸከመ። ያለቀሱት አሞሌዎች በሐዋ ምድጃ አጠገብ ዕንባቸውን አደረቁ። የሼህ አልጋ ጥግ ያዘ፤ መሐል ቤቱን አሞሌ ተቀመጠበት። የሻረግም ጨውን ለብቻው ሰው ቤት መተው አይሆንም ብላ አብራው ገባች። እሷና ሐዋ ሥጋቸውን ለየብቻ ይቀቅላሉ፤ ወሬያቸው ግን አንድ ድስት ነው፤ የሚቀቀለውም እኔ ነኝ።

እኔም ምንጣፌን ይዤ ልከተል ስል ሼህ ኢድሪስ በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘረጉ።

"አንተ ወዴት ነህ?"

"ልገባ ነዋ ሼህ።"

"ሐጂን ጥለህ? የቤት ጌታ እንግዳውን ጥሎ አይሄድም። ነውር ነው።"

እነሆ እኔና ሐጂ ብቻችንን ቀረን። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሰው በደጄ ሲያልፍ ቆሞ "ሐጂ እንዴት አደረ?" ይለኛል። "ደህና ናቸው" እላለሁ። "ሚስቱስ? እንቁላሉስ?" ይላል። እኔ እንዴት እንዳደርኩ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። ብቻ አንድ ነገር አልክድም፤ "እንግዳው" ማለታቸውን ትተዋል። እንግዳው ሐጂ ናቸው፤ እኔ ባለቤት ነኝ። ባለቤት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ አሁን ገብቶኛል፤ የሚረጥበው ሰውዬ ማለት ነው።

ሆኖም ሰው መላ አያጣም። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ደረቅ ቦታ አግኝቻለሁ። ልክ ከሐጂ ጎጆ ሥር ነው። ጭራሮውን እየደራረቡ፣ ሣሩን እየጠቀጠቁ፣ ላባቸውን እየዘረጉ፣ ያቺን ታህል ቦታ ጠብታ እንዳይገባባት አድርገዋታል። ስፋቷ የአንድ ሽመላ ነው፤ እጅና እግሬን አጣጥፌ፣ አገጬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እችልባታለሁ። ይህንንም የምጽፍልህ እዚያችው ተኮራምቼ ነው።

አሁን የሻረግ ከአጥር ማዶ፣ ከደረቁ ቤት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችኝ።

"አንተ ሰው፣ ክዳኑስ?"

ቀና ብዬ አዳመጥኩ። ወንድዬው አንድ ጭራሮ ይዘው ገብተው ሲያስተካክሉ ይንኮሻኮሻል።

"እየተከደነ ነው" አልኳት። "ሐጂ ሥራ ላይ ናቸው።"